የቃል ትምህርትና የልቡና ስፋት፤ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ

በኮሌጃችን መኝታ ቤት ማታ ማታ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ ስለ ቀድሞው ትምህርታችን የሚደረገው ነው። ግማሾቹ ተማሪዎች፤ «ይህ በቃል መያዝ የሚባለው ነገር የአገራችንን አእምሮ አደንዝዞ አስቀረው» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ፤ «ዳዊት የደገመ ልጅ አእምሮው ይሳላል፤ ከዚያ በኋላ የሰጡትን ሁሉ ይይዛል» ሲሉ ይመልሳሉ። እኔ የሐይቅ አካባቢ ልጅ በመሆኔ ሁለቱም ወገኖች ለምስክርነት ይጠሩኛል፤ ነገር ግን ለአንዱም ልመሰክርለት አልቻልሁም። ምክንያቱም ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉ ይምሰሉ እንጂ ሳያውቁት በአንድ አሳብ ይስማማሉ። ይኸውም፤ አእምሮ እንደ ክንድ ነው፤ በአንድ ሥራ ከጠነከረ ለሁሉም ሥራ ይጠነክራል፤ በአንድ ሥራ ከደነዘዘ ለሁሉም ይደነዝዛል የሚለው አሳብ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን አሳብ በሐይቅና በአምባሰል በሚታየው የትምህርት ልማድ ለመመርመር እሞክራለሁ።

ከሐይቅ እጀምራለሁ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ውሃው ገባ ባለ ምድር ላይ ያለ ገዳም ነው፤ ቀድሞ ደሴት ነበረ። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው ትምህርት ካቆሙበት ጊዜ ጀምሮ የመጻሕፍትና የመምህራን አገር ሆነ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1280 ገደማ የተጻፈው የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የዚሁ ገዳም መጽሐፍ ነው። ዐፄ ይኩኖ አምላክና አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዚህ እንደ ተማሩ በትውፊት ይነገራል። ከተማሪዎቹ ሁሉ ግን ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚጠቅመን የጋሥጫው አባ ጊዮርጊስ ነው።

ገድሉ እንደሚተርከው ጊዮርጊስ በልጅነቱ ወደ ሐይቅ ሲገባ ሰባት ዓመት ያህል ትምህርት አልገባው አለ። ጓደኞቹ ሲያልፉ እርሱ ቀረ፤ ለገዳሙ እህል እየፈጨም ያገለግል ነበር። በኋላ በእመቤታችን ጸጋ ልቡናው ተከፈተና መጽሐፈ ሰዓታትንና መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሰው ታላቅ ሊቅ ሆነ። ገድል የሃይማኖት መጽሐፍ ስለ ሆነ ስለ ተአምሩ ለመከራከር አልነሣሁም። እኔን የገረመኝ ጸሐፊው ያልደበቀው ነገር ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያው ልምምድ ተደጋግሞ ልጁን አልጠቀመውም። ልጁም በኋላ የታወቀበት ሥራ በቃል ማጥናት ብቻ አይደለም፤ መጽሐፈ ምሥጢር ከመናፍቃን ጋር የሚሟገት የክርክር መጽሐፍ ነው። በአንድ ልምምድ ተመዝኖ ቀሊል የተባለ ልጅ በሌላው ልምምድ ከሁሉ በልጦ ተገኘ። ገዳሙም ሰነፍ ነው ብሎ አላባረረውም። የዛሬ ትምህርት ቤቶቻችን በአንድ ፈተና ወድቀው የሚሰናበቱትን ልጆች ሲያዩ ይህን ታሪክ ቢያስቡት መልካም ነበር።

ሊቃውንቶቻችን ራሳቸው አእምሮን እንደ አንድ ክንድ እንዳላዩት የትምህርቱ አከፋፈል ያስረዳል። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት ተብሎ ተለይቷል። በንባብ ቤት ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ አቡጊዳን ካለፈ በኋላ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ ዓይኑንና ጆሮውን ያስማማል። በዜማ ቤት ጾመ ድጓንና ድጓን እየቀጸለ ቃሉን ከነዜማው ይይዛል። በቅኔ ቤት ግስና አገባብ ተምሮ ትናንት ያልነበረ ነገር ይፈጥራል። በመጻሕፍት ቤት የአንዱን ቃል ልዩ ልዩ ትርጓሜ «አንድም» እያለ ያወርዳል። በድጓ የተመረቀ መሪጌታ ቅኔ ያውቃል ተብሎ አይገመትም፤ ቅኔ ከፈለገ ከጀማሪዎች ጋር ተቀምጦ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። በእስላሙም ወገን እንዲሁ ነው። በወሎ ቁርኣኑን በሉሕ ላይ እየጻፈና እያጠበ የጨረሰ ደረሳ ፊቅህን ወይም ነሕውን ሲፈልግ ያንን ትምህርት ወደሚያስተምረው ሼህ ይሄዳል። ቁርኣን መያዙ ይከበርለታል እንጂ ነሕውን እንደሚያውቅ አያስቆጥርለትም።

ከቤተሰቤ አንድ ምሳሌ ልጨምር። አያቴ የድጓ ሰው ነበሩ። የትኛው ዕለት ምን እንደሚባልበት ቢጠየቁ መጽሐፍ ሳይገልጡ ከነዜማው ያወርዱት ነበር። ነገር ግን ጧት ጧት፤ «መቋሚያዬን የት አኖርሁት?» ብለው አያቴን፣ ሚስታቸውን ማለቴ ነው፣ ሳይጠይቁ ወጥተው አያውቁም። እርሷም፤ «ያን ሁሉ ድጓ የያዘ ራስ አንዲት በትር መያዝ አቃተው!» እያለች ትስቅባቸው ነበር። በልጅነቴ እኔም እስቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ከብዙ ክርክር ይልቅ ይህች ቀልድ ጉዳዩን የምታስረዳ ሆና አግኝቻታለሁ። የአያቴ ልምምድ ያጠነከረው ድጓን የሚይዘውን ነገር ነው፤ መቋሚያ የሚይዘውን አይደለም።

በውጭ አገር በፈተና የተገኘውም ከዚህ አይርቅም። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1890 ባሳተመው የሥነ ልቡና መጽሐፍ ራሱን እንደ ፈተነ ይነግረናል። ከቪክቶር ሁጎ ግጥም 158 ስንኞችን በቃሉ ያዘና የወሰደበትን ጊዜ መዘገበ። ከዚያ 38 ቀን የሚልተንን ግጥም በቃሉ ሲያጠና ቆይቶ ሌላ 158 ስንኝ ከሁጎ ቢሞክር ጊዜው ማነሱ ቀርቶ በዛ። በዚያን ሰሞን በሌላ ሥራ ደክሞት እንደ ነበረ እርሱ ራሱ ገልጧል፤ ስለዚህ ይህ አንድ ፈተና ብቻውን አያሳምንም። በ1901 ቶርንዳይክና ውድወርዝ የተባሉት ተመራማሪዎች አንድን ነገር በመለማመድ የተገኘ ችሎታ ወደ ሌላ ነገር የሚሻገረው ሁለቱ የሚመሳሰሉበት ክፍል ባለ መጠን ነው ወደሚል አሳብ ደረሱ። በ2010 ደግሞ በእንግሊዝ አገር 11,430 ሰዎች አእምሮን ያነቃሉ የተባሉ የኮምፒዩተር ጨዋታዎችን ለስድስት ሳምንት ከተለማመዱ በኋላ በለመዱት ጨዋታ በረቱ፤ ያልለመዱት ፈተና ሲሰጣቸው ግን ብርታታቸው አልተሻገረም።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ስክሪብነርና ኮል በላይቤርያ በቫይ ሕዝብ መካከል አድርገው በ1981 ያሳተሙት ጥናት ነው። ቫዮች የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ የቁርኣን ትምህርትም፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤትም አላቸው። ተመራማሪዎቹ የቃላት ዝርዝር በየጊዜው አንድ አንድ ቃል እየተጨመረበት ከመጀመሪያው እንዲደገም ባደረጉ ጊዜ ቁርኣን የተማሩት በለጡ። ቃላቱን እንደ ፈቀዱ አስታውሰው እንዲናገሩ ሲጠየቁ ግን ያ ብልጫ አልታየም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቁርኣን የሚያዘው ከመጀመሪያው እየተደገመ፣ በላዩም እየተጨመረበት ነው። የሐይቅ ገበያ ሰው ይህን ቢሰማ፤ «የለመደውን ሠራ፤ ምን ይገርማል?» ይል ይሆናል። እውነቱን ነው።

እንግዲህ «አእምሮን ይስላል» የሚለው ወገን ተረታ። ይህ ማለት ግን «አደንዝዞ አስቀረው» የሚለው ረታ ማለት አይደለም። የቃል ትምህርት ያልተሳለለትን ነገር ስላልቆረጠ ዱልዱም ነው አይባልም። በተለይ አንድ ነገር ከእርሱ ልንማር ይገባን ነበር፤ ይኸውም የማስታወስ መንገዱ ነው። የዜማ ተማሪ ሌሊት በጨለማ ሲቀጽል ፊቱ መጽሐፍ የለም። ቃሉን ከልቡናው ያወጣዋል፤ ቢስት ጓደኛው ወይም የኔታ ወዲያው ያርሙታል። ነገ ደግሞ ካቆመበት በፊት ጀምሮ ያወርዳል። በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሊቃውንት ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ወዲያው ሲጠየቁ ቢበልጡም፣ ከሳምንት በኋላ የበለጡት መጽሐፉን ዘግተው የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ የተደረጉት ሆነው ተገኙ። የኔታ ይህን የሚያደርጉት ከጥንት ጀምሮ ነው። እኛ ግን ማስታወሻችንን በቀይ እርሳስ እያሰመርን አምስት ጊዜ እናነበዋለን፤ ዓይናችን ስለ ለመደው ያወቅነው ይመስለናል። ስለዚህ ከቃል ትምህርት የጣልነው ደኅናውን ነው፤ ያስቀረነው ግን ቃሉን እንደ ወረደ በፈተና ወረቀት ላይ መድፋቱን ነው።

በዚህ ላይ አንድ የጋራ ጥፋት አለ፤ ልምምዱን ሸሽቶ ፍሬውን መመኘት። በቤተ ክህነት ተማሪዎች መካከል አብሾ የሚባል መጠጥ ነበረ፤ ከአስተናግር ዘር ይሠራል ይባላል። የጠጣው ሰው የሰማውን አይረሳም እየተባለ ብዙ ወጣት ደፍሮታል፤ ከጠጡትም የታመሙና ያበዱ እንደ ነበሩ ሽማግሎች ይናገራሉ። አስተናግር ውስጥ ያለው ስኮፖላሚን የተባለ መርዝ ተመራማሪዎች የሰውን ማስታወስ ለጊዜው ለማድከም የሚጠቀሙበት መሆኑ ሲታወቅ ነገሩ መራራ ቀልድ ይሆናል። እኛም ከዚያ ብዙ አልራቅንም። በፈተና ሰሞን ጫት ይዞ የሚያድረው ጓደኛችን ንቃትን ከማስታወስ ጋር አንድ አድርጎ ያያል። ቀን የተማርነው ነገር በልቡና የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር እንደ ሆነ ግን ዛሬ በብዙ ጥናት ታውቋል። እንቅልፉን የሸጠ ተማሪ ያጠናውንም አብሮ ሸጧል።

አሁን ወደ አሳብ መለዋወጥ፣ ማለት ልቡናን ከአንዱ አሳብ ወደ ሌላው ወደ ማዞሩ ልምምድ ልምጣ። የዚህ ልምምድ ቤቱ ቅኔ ቤት ነው። ተማሪው በሁለት ስንኝ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ በሦስት ስንኝ ዘአምላኪየ፣ በስድስት ስንኝ ሥላሴ፣ በስምንት ስንኝ መወድስ እያለ ይወጣል። ጠዋት የኔታ የዘረፉትን ሰምቶ ወደ ዛፍ ጥላ ይሄዳል፤ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ይነግራል፤ ይታረማል። የትናንቱን ዛሬ ቢያመጣ አይቀበሉትም፤ ቅኔ አዲስ መሆን አለበት። ብራናም ዓይንም የግድ አያስፈልጉትም፤ በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ። ፊደል ያልቆጠረውም ሕዝብ ከዚህ ልምምድ ድርሻ አለው። በአምባሰል ቅኝት ሲዘፈን የሰማ ሰው እንደሚያውቀው፣ አዝማሪው ግጥሙን ሲጥል አድማጩ ሰሙን ትቶ ወርቁን እስኪያገኝ ድረስ ጥቂት ዝም ይላል፤ ከዚያም «እሰይ!» ይላል። በዚያች ዝምታ ልቡና ይሠራል።

ስለዚህ ነገር ከጻፉት የውጭ ሰዎች ስሙ የሚነሣው አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን ነው። በ1965 «ሰምና ወርቅ» ብሎ በሰየመው መጽሐፉ ኅብረ ቃል ለቀልድ፣ ለስድብ፣ ምስጢርንም ለመጠበቅ እንዴት እንደሚያገለግል በሚገባ አሳይቷል። ለዚህ ትጋቱ ምስጋና ይገባዋል። ዳሩ ግን ሁለት ትርጉም ያለውን ንግግር መውደድ አንድና ግልጽ ትርጉም ከሚፈልገው ከዘመናዊ ሥራ ጋር አይስማማም የሚለው ፍርዱ ግማሹን ብቻ ያየ ነው። ሌቪን የመዘነው በአደባባይ የሚነገረውን ኅብረ ቃል ነው፤ በቅኔ ቤት የሚደረገውን ልምምድ አልመዘነም። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቁን የደባለቀ ተማሪ አይመሰገንም። የኔታ «ፍታው» ይሉታል፤ ይህ ሰሙ ነው፣ ይህ ወርቁ ነው፣ በዚህ ቃል ተገናኝተው በዚህ ተለያዩ ብሎ እስኪያስረዳ ድረስ አይለቁትም። ይህ ግልጽነትን መጥላት አይደለም፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይዞ ሁለቱንም ለይቶ ማሳየት ነው። የመጻሕፍት ቤቱ «አንድም»ም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ትርጓሜ ተራ በተራ ተገልጦ ይነገራል።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ ሊይዘኝ ይችላል፤ «ልምምድ ከለመደበት አያልፍም ካልህ፣ ቅኔስ ከቅኔ ቤት ውጭ ምን ይጠቅማል?» ቢለኝ እውነት አለው። ቅኔ የተማረ ሁሉ በሕግና በታሪክ አሳቡ ይለዋወጣል አልልም። የቅኔ ሊቅ ሆኖ በሌላ ጉዳይ ግትር የሆነ ሰው አይታጣም። የምለው ይህ ነው፤ የልምምዱን ፍሬ ከፈለግን ልምምዱን ራሱን ወደ አዲሱ ነገር ማሻገር አለብን። ራሱ አይሻገርም።

ለዚህ ከአምባሰል የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ፣ በዐፄ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል ውል ተፈረመ። በ17ኛው ክፍል የአማርኛው ቃል ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። ኢጣልያ በዚያ ቃል ኢትዮጵያን በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተቆረጠ። እንግዲህ በአንድ ግሥ ላይ ስንት ሰው አለቀ!

እኔ ይህን ታሪክ በተማርሁበት ሁለተኛ ደረጃ የሚስዮን ትምህርት ቤት በቃሌ ይዤው ነበር። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን፣ የክፍሉን ቁጥር አልሳትሁም፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በቃል በመያዝም ሽልማት ያገኘሁ ልጅ ነበርሁ። ኮሌጅ ገብቼ በመጀመሪያው ዓመት አንድ መምህር የውሉን ሁለት ቃሎች ጎን ለጎን ጽፈው፤ «ልዩነቱ ከየት መጣ? እያንዳንዱ ወገን እንዴት ሊያነበው ይችላል?» ብለው ጠየቁን። እኔ ቀኑን ጽፌ፣ ክፍሉን ጽፌ፣ ስለ ዓድዋ አንድ ገጽ ጨምሬ ወረቀቱን ሰጠሁ። ከሃያ አራት አገኘሁ። ያሳፈረኝ ውጤቱ ብቻ አይደለም። ውጫሌ ከተወለድሁበት አገር ሩቅ አይደለም፤ አያቴም «አንድም» ሲባል ስሰማ ባደግሁበት ቤት ነበሩ። ያም ሆኖ ሁለት ንባብ ፊቴ ሲቀርብ «አንድም» ማለት አልመጣልኝም። ማንም በታሪክ ላይ አላለማመደኝምና።

ስለዚህ የክርክሩን ሁለት ወገኖች እንዲህ ብዬ ለማስታረቅ እደፍራለሁ። በቃል መያዝ አይጠላ፤ ቀኑንና ክፍሉን የማያውቅ ሰው የሚያነጻጽረው ነገር የለውም። ነገር ግን ያዢ አእምሮ መርማሪ አእምሮን ይወልዳል ተብሎ አይጠበቅ። በሐይቅና በውጫሌ ያሉ ትምህርት ቤቶች ይህን ውል ሲያስተምሩ ሁለቱን ቃል ለልጆቹ ይስጡ፤ አንዱ ልጅ የአማርኛውን፣ ሌላው የኢጣልያንኛውን ትርጉም ይዞ ይሟገት፤ ሦስተኛው «አንድም» ይበል። መምህሩም ትምህርት ሲጀምር መጽሐፉን አዘግቶ የትናንቱን ከልቡና ያስወጣ፤ ስሕተቱንም ወዲያው ያርም። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የኔታ በደበሎና በአኮፋዳ አገር ያደረጉት ነው። በአንዱ ልምምድ የቀረ ልጅ ቢኖር ደግሞ ሌላ ልምምድ ይሞከርለት። ሐይቅ ወፍጮ ፈጭቶ ያገለገለውን ልጅ ጠብቆ መጽሐፈ ምሥጢርን አግኝቷል።

አያቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። መቋሚያቸው ግን ቤታችን ውስጥ፣ አያቴ ሁልጊዜ ታገኝበት በነበረው ቦታ፣ ከበሩ ኋላ ቆሟል። ለዕረፍት ስሄድ አየዋለሁ፤ ያጠናሁትንም መጽሐፌን ዘግቼ እወጣዋለሁ።